ካር ሲት ወይስ ቡስተር? አራት ዓመት የሞላው ልጅ ላላችሁ

ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ጥያቄ ይመጣል። ባለ ማሰሪያው ካር ሲት፣ ማለትም መኪናው ላይ የሚታሰረው የልጆች መቀመጫ፣ ይብቃውና ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው ቡስተር ላይ ይቀመጥ ወይስ ትንሽ ይቆይ? እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንዱ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ሦስት። በትልቁ ጊዜ ይህን ጥያቄ አልፌበታለሁ። በትንሿ ደግሞ ሊመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ወላጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የማውቀውን አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው የጻፍኩት።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ልጁ የካር ሲቱ የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ ላይ እስኪደርስ በማሰሪያው ይቆይ። ዕድሜው ስለፈቀደ ብቻ አታውጡት። ጓደኞቹ ቡስተር ላይ ስለተቀመጡም አታውጡት።

ምክንያቱ ይኼውላችሁ። ባለ ማሰሪያው ካር ሲት ልጁን አምስት ቦታ ላይ ይይዘዋል። ሁለቱ ትከሻ ላይ፣ ሁለቱ ዳሌ ላይ፣ አንዱ በእግሮቹ መሃል። መኪናው ሲጋጭ ወይም ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግፊቱ ጠንካራ የሆኑት አጥንቶች ላይ ይከፋፈላል። ልጁ ቢተኛም፣ ቢገላበጥም፣ ከእህቱ ጋር ቢጣላም ማሰሪያው ከቦታው አይነቃነቅም።

ቡስተር እንደዚያ አይደለም። ቡስተር ልጁን አያስረውም። ከፍ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ዓላማው ለአዋቂ ሰው የተሠራው የመኪናው ቀበቶ በልጁ ሰውነት ላይ በትክክለኛው ቦታ እንዲያልፍ ነው። የታችኛው ቀበቶ ዝቅ ብሎ ዳሌውንና የጭኑን መነሻ መንካት አለበት። የላይኛው ደግሞ በደረቱና በትከሻው መሃል ማለፍ አለበት። ልጁ ወደፊት ከተንሸራተተ የታችኛው ቀበቶ ሆዱ ላይ ይወጣል። ሆድን የሚከልል አጥንት የለም። በግጭት ጊዜ እዚያ ላይ ያረፈ ቀበቶ አንጀትን ይጎዳል፣ የጀርባ አጥንትንም ሊጎዳ ይችላል። የትንሽ ልጅ ዳሌ ደግሞ ገና ስላልጠነከረ ቀበቶውን ዝቅ አድርጎ የሚይዝለት ነገር የለውም።

ስለዚህ ካር ሲት ላይ ሥራውን የሚሠራው መቀመጫው ነው። ቡስተር ላይ ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራው ልጁ ራሱ ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ቀበቶውን በብብቱ ሥር ማሳለፍ ወይም ከጀርባው ማድረግ የለበትም። የወደቀ አሻንጉሊት ለማንሳት ጎንበስ ማለት የለበትም። ይህን ሁሉ መንገዱ እስኪያልቅ፣ ሲሰለቸውም እንቅልፍ ሲመጣበትም ማድረግ አለበት። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ይችላል? የኔ አይችልም ነበር።

ቡስተርን ማጣጣሌ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ትልቅ ነገር ነው። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች ቡስተር የመኪና ቀበቶ ብቻ ከማሰር ጋር ሲነጻጸር ከባድ ጉዳት የመድረሱን ዕድል በ45 በመቶ ይቀንሳል። የኔ ነገር ጊዜው ላይ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕጉን አይቶ ስለሚወስን ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በልጆች መቀመጫ እንዲሄድ ያስገድዳል፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ማለትም 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልደረሰ በስተቀር። በፈረንጆቹ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው እንዲቀመጡ ተደንግጓል። ቨርጂኒያም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ሕጉ ግን የአራት ዓመት ልጅ ቡስተር ላይ ተቀምጦ ቢያገኝ፣ የመቀመጫው መመሪያ እስከፈቀደ ድረስ ምንም አይላችሁም። ሕጉ የሚነግራችሁ ትንሹን ግዴታ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በፈረንጆቹ 2018 ያወጣው ምክር ከዚያ ያልፋል። ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጫው እስከፈቀደለት ይቆይ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ በማሰሪያው መቀመጫው እስከፈቀደለት ይቆይ፣ ቡስተር ከዚያ በኋላ ይምጣ ይላል። ብዙዎቹ ካር ሲቶች በማሰሪያው እስከ 65 ፓውንድ፣ 29 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ይይዛሉ። ይህ ለብዙ ልጆች ከአንደኛ ክፍልም ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቡስተሩ ካርቶን ላይ “ከ40 ፓውንድ ጀምሮ” ተብሎ ይጻፋል። 40 ፓውንድ 18 ኪሎ ገደማ ነው። ወላጅ ሐኪሙ ጋ ሄዶ ልጁ 40 መሙላቱን ሲሰማ “በቃ ደርሷል” ይላል። ያ ቁጥር ግን ከዚህ በታች በፍጹም አይቻልም ማለት ነው እንጂ፣ ልጁን አሁን አንሱት ማለት አይደለም። እናንተ የምትፈልጉት ቁጥር ያላችሁ ካር ሲት ጎን ላይ ተለጥፏል። ማሰሪያው ስንት ፓውንድ ድረስ እንደሚይዝ፣ ስንት ኢንች ቁመት ድረስ እንደሚሆን ይናገራል።

የኔ ልጅ ቀድሞ የደረሰው የቁመቱ ጣሪያ ላይ ነው። ክብደቱ ገና ነበር። ምልክቱን ለማየት ቀላል ነው። ትከሻው ማሰሪያው ከሚወጣበት ከመጨረሻው ቀዳዳ በላይ ካለፈ፣ ወይም የጆሮው ጫፍ የካር ሲቱ ጀርባ ጫፍ ላይ ከደረሰ፣ ጠቦታል። ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ ልጅ ማሰሪያው በትከሻው ልክ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። ወደ ኋላ ለሚቀመጥ ሕፃን ግን ተቃራኒው ነው። በትከሻው ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው።

አራት ዓመት ሲሞላው ሙከራ አድርገናል። የእህቴን ልጅ ቡስተር ተውሰን፣ መኪናው ቤት ደጅ ቆሞ እያለ አስቀመጥነውና አሰርነው። እኔ ከፊት ተቀምጬ በመስታወት አየዋለሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ የላይኛው ቀበቶ አንገቱን ነካው። በእጁ ገፋ ገፋ አደረገውና በብብቱ ሥር አሳለፈው። ከዚያ የያዘው መኪና ወደቀበት፣ ተንሸራቶ በእግሩ ሊጎትተው ሞከረ። የታችኛው ቀበቶ ሆዱ ላይ ወጣ። ማንም አላዘዘውም፣ ማንንም ማስቸገሩ አልነበረም። ልጅ ነው። ቡስተሩን ለእህቴ መለስኩላት፣ እሱም ወደ ካር ሲቱ ተመለሰ። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ሞክሩት። መኪናው ሳይነቃነቅ ማየት ትችላላችሁ፣ ምንም ወጪ የለውም።

ካር ሲቱ በትክክል ካልታሰረ ግን በማሰሪያ መቆየቱ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ የምመክራችሁ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ማሳየት ነው። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የእሳት አደጋና ነፍስ አድን መሥሪያ ቤቱ ካር ሲት በነጻ ያያል። በቀጠሮ ነው የሚሠሩት። ሌላ ቦታ ያላችሁ ሴፍ ኪድስ በሚባለው ድርጅት በኩል የተመሰከረላቸውን ባለሙያዎች ፈልጉ። በየስቴቱ አሉ። እንግሊዝኛ ያስቸግረኛል ብላችሁ አትቅሩ። ሁሉንም ነገር በእጅ ነው የሚያሳዩአችሁ።

እኔ ያገኘኋት ባለሙያ እጅግ ትዕግሥተኛ ነበረች። እሷ ሠርታ አልሰጠችኝም። እኔ እንድሠራው አደረገችኝ። መጀመሪያ ካር ሲቱን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛ ግራና ቀኝ ነቀነቀችው። ከአንድ ኢንች፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ጫፉ ላይ ይዛችሁ ብትነቀንቁት ሁልጊዜም ይወዛወዛል፣ እሱ አያስጨንቃችሁ። ቀጥላ ልጁን አሰርኩትና ትከሻው አጠገብ ያለውን የማሰሪያውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ለመቆንጠጥ ሞከረች። ጣቶቿ አዳለጧት፣ ምንም አልያዘችም። “ጠብቋል ማለት ነው” አለችኝ። ጨርቁ ከተቆነጠጠ ላልቷል። ደረቱ ላይ ያለው ማያያዣ ደግሞ በብብቱ ትክክል ይሁን። ሆዱ ላይ ከወረደ ማሰሪያው ከትከሻው ሊወልቅ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን የቆየችው ቴዘር በሚባለው የላይኛው ማሰሪያ ላይ ነው። ከካር ሲቱ ራስጌ ወጥቶ፣ በመኪናው መቀመጫ ላይ ተሻግሮ፣ ከኋላ ካለው ማያያዣ ጋር ይጠለፋል። ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ ካር ሲት ሁሉ ይህ ይኖረዋል። ብዙ ሰው ግን ተጠቅልሎ እንደመጣ ይተወዋል። ሲታሰር በግጭት ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ወደ ፊት የሚወረወርበትን ርቀት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። ከፊቱ ያለው ወንበር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ስታዩ ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይገባችኋል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ፣ ወደ መኪናችሁ ሄዳችሁ ቴዘሩን እዩት።

ታች ያሉት የብረት ማያያዣዎች ላች ይባላሉ። በፈረንጆቹ ከመስከረም 2002 ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ላይ አሉ። እነሱም የክብደት ገደብ አላቸው፣ ልጁ ከነካር ሲቱ በጠቅላላው 65 ፓውንድ። ካር ሲቱ ራሱ 20 ፓውንድ ከመዘነ ልጁ 45 ሲደርስ ላቹን ፈትታችሁ በመኪናው ቀበቶ ታስሩታላችሁ። ቴዘሩ እንዳለ ይቀጥላል። ቀበቶው ከላቹ ያነሰ አይደለም፣ በደንብ ከተጠበቀ ያው ነው። መመሪያው ካልፈቀደ ግን ሁለቱን ባንድ ላይ አትጠቀሙ።

ስለ ክረምት ካላነሳሁ ይቆጨኛል። ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ አትሰሩት። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር ተጨምቆ ይወጣና ማሰሪያው ልል ሆኖ ይቀራል። ስስ ሹራብ አልብሳችሁ እሰሩት፣ ከዚያ ከላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉለት። የኛ ልጆች ትንንሽ ጋቢ አላቸው፣ መኪናው ውስጥ ይኖራል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ በከረመችበት ጊዜ ይህ ሁሉ አልዋጥ አላት። “ምን አጠፋ ብላችሁ ነው ልጁን እንዲህ የምትጠፍሩት?” ትል ነበር። “እማዬ፣ እኔን በአንቀልባ ስታዝዪኝ ላላ አድርገሽ ነበር እንዴ?” አልኳት። ሳቀች። አንቀልባ ሲላላ ልጅ ይንሸራተታል፣ ሲጠብቅ ልጁም ተመችቶት እንቅልፉን ይለጥጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ “ማሰሪያው ጠብቋል?” ብላ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። አያቶች ሲቃወሙ አትጣሏቸው። ምክንያቱን ንገሯቸው፣ በእጃቸው አስነኳቸው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እንደኛ ያለ ቤተሰብ እዚህ አካባቢ ብዙ ነው። መኪናው ቀን የተሳፋሪ ነው፣ ማታና ቅዳሜ የልጆች። ካር ሲቱ በየቀኑ ይወጣል፣ ይገባል። ቡስተር አንስቶ ትራንክ ውስጥ መወርወር ነው። ካር ሲት ግን በደንብ ለማሰር ጉልበትም ጊዜም ይፈልጋል። ብዙ አባቶች ልጁን ቶሎ ቡስተር ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፣ ይገባኛል። ድካሙን አይቼዋለሁ።

እኛ ያደረግነው ለሱ መኪና ቀለል ያለ ርካሽ ካር ሲት መግዛት ነው። ማሰሪያው እስከ 65 ፓውንድ የሚይዝ፣ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች የሆነ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ካር ሲት ሁሉ፣ ባለ 80 ዶላሩም ባለ 400ውም፣ አንድ ዓይነት የፌዴራል የግጭት መመዘኛ ማለፍ አለበት። ውዱ ላይ የምትከፍሉት በአብዛኛው ለምቾት፣ ለጨርቁና ለአገጣጠሙ ቅለት ነው። ቀላሉ ካር ሲት ከመኪናው ጋር ተስማምቶ በትክክል ከታሰረ ምንም አይጎድለውም። ባለቤቴ አሁን ጉልበቱን አስደግፎ ቀበቶውን ሲያጠብቀው ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ የስቴቱ ጤና መምሪያ በነጻ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፣ ጠይቁ።

የሌላ ሰው ልጅ ስትጭኑ፣ ወይም ልጃችሁን ሰው ሲወስድላችሁ፣ አትፈሩ፣ ተናገሩ። “ካር ሲቱን እኔ አምጥቼ እገጥምልሻለሁ” ማለት ነውር አይደለም። መቼም ለልጅ ብሎ የሚቀየም ሰው የለም።

አዲስ አበባ ለምትሄዱም አንድ ነገር ልበል። ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት እስከ ቦሌ ረጅም በረራ ነው። አብዛኞቹ ባለ ማሰሪያ ካር ሲቶች በአውሮፕላን እንዲያገለግሉ ተፈቅዶላቸዋል። ጎናቸው ላይ በቀይ ጽሑፍ ተጽፏል። ቡስተር ግን በበረራ ላይ አይሆንም፣ የአውሮፕላኑ ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ ስለሆነ። ይዛችሁ ብትሄዱም አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ልጁ ሊቀመጥበት አይችልም። ልጄ በራሱ ካር ሲት፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ብዙውን መንገድ ተኛ። የለመደው ቦታው ነው።

አዲስ አበባ ስንደርስ ጥያቄው የመኪናው ነበር። አንዳንድ የድሮ ኮሮላ ከኋላ ቀበቶም የለውም። ስለዚህ ቀድሜ ለወንድሜ ደውዬ “ከኋላ የትከሻ ቀበቶ ያለው መኪና ፈልግልኝ” አልኩት። ቪትዝ አገኘልን። ላች የለውም፣ በቀበቶው አሰርነው። ቢሾፍቱ ስንወርድ በፍጥነት መንገዱ ላይ ልቤ አርፎ ሄድኩ። እዚያ ሄዳችሁ ቡስተር ብትጠቀሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ወገብ ላይ ብቻ በሚታሰር ቀበቶ ቡስተር በፍጹም አይሠራም። የትከሻው ቀበቶ የግድ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች የኋላው መሃል ወንበር እንዲህ ያለ ነው።

ልጄ ስድስት ዓመት አልፎት ትከሻው ከላይኛው ቀዳዳ ሲያልፍ ቡስተር ገዛንለት። ጀርባ ያለውን መረጥኩ። ጀርባ የሌለው ከ20 እስከ 30 ዶላር ይገኛል፣ መኪናው ራሱ ጭንቅላት መደገፊያ ካለውና ልጁ ትልቅ ከሆነ ይሠራል። ጀርባ ያለው ግን የትከሻውን ቀበቶ በቀዳዳው አሳልፎ ቦታ ያስይዘዋል፣ ልጁ ሲተኛም ጭንቅላቱን ከጎን ይደግፈዋል። የኔ ልጅ መኪና ውስጥ ይተኛል። ለሚተኛ ልጅ ሁለቴ አታስቡ፣ ጀርባ ያለውን ግዙ።

በቤታችን አንድ ሕግ አወጣን። ቀበቶው ከቦታው ከወጣ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል። ልጁ ሲያስተካክል እንሄዳለን። መጀመሪያ ላይ አጫጭር መንገድ ብቻ ነበር፣ ትምህርት ቤትና ገበያ። አንድ ማታ ከክርስትና ስንመለስ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ዞር ብዬ አየሁት። ጭንቅላቱ መደገፊያው ላይ አርፏል፣ የላይኛው ቀበቶ ትከሻው መሃል ላይ ነው፣ የታችኛው ጭኑ ላይ። አራት ዓመቱ ላይ ያየሁት ልጅ አልነበረም።

ቡስተር ላይ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይረሳሉ። ልጁ በሌለበት ጊዜም ባዶውን ቡስተር እሰሩት፣ በግጭት ጊዜ ተወርውሮ ሰው ይመታል። ከቡስተር የሚወጣውም በዕድሜ አይደለም። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ተደግፎ፣ ጉልበቱ በወንበሩ ጫፍ ላይ ታጥፎ፣ ቀበቶው ጭኑና ትከሻው ላይ በትክክል አርፎ እስከ መጨረሻው ሲቀመጥ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ 145 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከዚያም በኋላ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ከኋላ ይቀመጥ።

ሴቷ ልጄ የወንድሟን ካር ሲት ወርሳለች። ከመስጠቴ በፊት ጊዜው አለማለፉን አየሁ። ካር ሲት የሚያበቃበት ቀን አለው፣ እንደ ዓይነቱ ከተሠራ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ነው። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ተጽፏል። ታሪኩን ከማታውቁት ሰው ያገለገለ ካር ሲት አትቀበሉ። ከባድ ግጭት ውስጥ የነበረ ካር ሲት፣ ዓይን የሚያየው ስንጥቅ ባይኖረውም፣ ይጣላል። አዲስ ስትገዙ ደግሞ የመመዝገቢያ ካርዱን ሞልታችሁ ላኩ፣ ጉድለት ቢገኝበት አምራቹ እናንተን የሚያገኛችሁ በዚያ ነው። ጊዜው ያለቀበትን ወይም የተጎዳውን መንገድ ዳር እንዳለ አትተዉት፣ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ታርጌት የሚባለው መደብር አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያና በመስከረም አሮጌ ካር ሲት እየተቀበለ ለአዲሱ የ20 በመቶ ቅናሽ ይሰጣል። እዚያ ካልወሰዳችሁት ማሰሪያውን በመቀስ ቁረጡና “ጊዜው አልፏል” ብላችሁ በወፍራም ማርከር ጽፋችሁ ጣሉት።